የሲክ ወጣት ጥምጣም ባርኔጣ አይደለም

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፦

በቅርቡ በወጣው እትማችሁ ስለ ምዕራብ ለንደን ነዋሪዎች ባቀረባችሁት ጽሑፍ መካከል ጥምጣም ያሰሩ ሁለት ወጣቶች የሚታዩበት ፎቶግራፍ ወጥቶ ነበር። ከሥሩ የሰፈረው መግለጫ «የሂንዱ እምነት ተከታይ ወጣቶች» ይላል። ወጣቶቹ ሂንዱ ሳይሆኑ የሲክ እምነት ተከታዮች፣ ሲኮች ናቸው። ስሕተቱ በክፋት እንዳልተሠራ አውቃለሁ፤ ከእኛም መካከል ብዙው ሰው ጥምጣም ያሰረ ህንዳዊ ባየ ቁጥር በደፈናው ነው የሚጠራው። ጉዳዩ እርማት መጠየቅ ብቻ ቢሆን ኖሮ በአንድ መስመር በጨረስኩ ነበር። ነገር ግን በዚያው ሰሞን በእኛው ደጅ በአንድ የሲክ ወጣት ላይ የደረሰ ነገር ስላለ፣ ለነገሩም እኔ ራሴ ምክንያት ስለሆንኩ፣ አንባቢዎቻችሁ እንዲያውቁት ዘርዘር አድርጌ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

የልጅ ልጄ የሰማንያ ቀን ክርስትናዋን በተነሣችበት ዕለት፣ ልጄ ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ አብሮት የተማረውን የሲክ ጓደኛውን ጠርቶት ነበር። ይህ ወጣት ቤታችን ያደገ ያህል ነው፤ እንጀራ ከእኛ ጋር ቆርሶ ይበላል፣ እኔንም «አባባ» ብሎ ነው የሚጠራኝ። ጥቁር ሰማያዊ ጥምጣሙን አሳምሮ አስሮ፣ ለሕፃኗ የብር አምባር ይዞ መጣ። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሲደርስ ማንም ሳይነግረው ጫማውን አወለቀ፤ በእነርሱም ዘንድ ወደ ጸሎት ቤት በጫማ አይገባምና። ደጁ ላይ የቆሙት አዛውንት አገልጋይ ግን «ኮፍያህን አውልቅ» አሉት። «ይቅርታ፣ ይህን ማውለቅ አልችልም» አለ። እርሳቸውም ወንድ ራሱን ሸፍኖ እንደማይገባ ደግመው ነገሩት። ልጁ እጆቹን አጋጥሞ እጅ ነሣ፣ ጫማውን መልሶ አጠለቀ፣ ሥርዓቱ እስኪያልቅም ሁለት ሰዓት ያህል በካፊያው ውስጥ ከአጥሩ ሥር ቆመ። እኔና ልጄ ከውስጥ ስለነበርን አላየንም። ስንወጣ አምባሩን እንደያዘ አገኘነው። ልጄ ነገሩን ሲሰማ ፊቱ ተለዋወጠ፤ እርሱ ግን «ቤታችሁ ነው፣ ሥርዓታችሁ ነው» አለና ሕፃኗን ተቀብሎ አቀፋት።

አዛውንቱን አልወቅሳቸውም። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች የጻፈውን ይዘን፣ ወንድ በጸሎት ጊዜ ራሱን እንዲገልጥ ተምረን ያደግን ሕዝብ ነን፤ እርሳቸው የሚያውቁትን ሥርዓት ነው ያስከበሩት። ጥፋቱ የእኔ ነው። ልጁን ለአሥራ ስምንት ዓመት ሳውቀው ኖሬ፣ ቀደም ብዬ ለካህናቱ አንዲት ቃል መተንፈስ ሲገባኝ አልተነፈስኩም። ይሁን እንጂ ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ሐሳብ እንቅልፍ ነሥቶኛል። በዚያው ሰዓት ከመቅደሱ ውስጥ ያሉት ካህናት ጥምጣም አስረው ነበር። የካህንን ጥምጣም ክብር ጠንቅቀን የምናውቅ ሰዎች፣ የዚህን ልጅ ጥምጣም ከኮፍያ ለይተን ማየት እንዴት አቃተን?

ለሲክ ወጣት ጥምጣም ምን ማለት እንደሆነ ለአማርኛ አንባቢ ለማስረዳት ከማተብ የቀረበ ነገር አላገኘሁም። አንገት ላይ ያለ ክር ዋጋው ስንት ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ አንድን ሰው «ማተብህን በጥስ» ማለት ግን ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። የሲክ እምነት የተጀመረው ዛሬ በህንድና በፓኪስታን በተከፈለው በፑንጃብ ምድር፣ እ.ኤ.አ. በ1469 በተወለደው በጉሩ ናናክ ትምህርት ነው (ጉሩ መምህር ማለት ነው)፤ ትምህርቱም አንድ አምላክን ማሰብ፣ በላብ ሠርቶ ማደርና ያገኙትን ተካፍሎ መብላት ነው። ከእርሱ በኋላ ዘጠኝ ጉሩዎች ተከታትለው ተነሡ። አሥረኛው ጉሩ ጎቢንድ ሲንግ እ.ኤ.አ. በ1699 አናንድፑር በተባለ ቦታ ኻልሳ የተሰኘውን የቃል ኪዳን ማኅበር አቋቋመ፤ ወደዚህ ቃል ኪዳን የሚገቡ ሁሉ ከሰውነታቸው የማይለዩዋቸው አምስት ምልክቶች አሏቸው። እነዚህም ያልተቆረጠ ፀጉር፣ የእንጨት ማበጠሪያ፣ የብረት አምባር፣ ኪርፓን የሚባለው አጭር ሰይፍና ልዩ የውስጥ ቁምጣ ናቸው። ወንዶቹ «ሲንግ» የሚለውን ስም ይይዛሉ፤ ትርጉሙም አንበሳ ነው። ሴቶቹ «ካውር» ይባላሉ። ጥምጣሙ ያንን ያልተቆረጠ ፀጉር የሚጠብቅ ነው፤ ስለዚህ ራስን ከመሸፈን ያለፈ፣ ከቃል ኪዳኑ ጋር አብሮ የሚኖር ነገር ነው። በእነርሱ ጸሎት ቤት በጉርድዋራ ደግሞ ራሱን ያልሸፈነ ሰው፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ አይገባም። እኛ በአክብሮት የምንገልጠውን እነርሱ በአክብሮት ይሸፍኑታል።

ልጁ በፈተና ሰሞን ከልጄ ጋር ሲያጠና እኛ ቤት ያድር ስለነበር ጠዋት ሲያስር ደጋግሜ አይቻለሁ። አምስት ሜትር ያህል የሚረዝመውን ስስ ጨርቅ ከመኝታ ቤቱ እስከ ኮሪደሩ ጫፍ ይዘረጋዋል። አንዱን ጫፍ ልጄ ይይዝለታል፤ ሁለቱ እየወጠሩ በርዝመቱ ያጥፉታል። ፀጉሩን አበጥሮ አናቱ ላይ ይቋጥርና በትንሽ ጨርቅ ይሸፍነዋል። ከዚያ የትልቁን ጨርቅ ጫፍ በጥርሱ ነክሶ፣ አንዱን እጥፋት ከአንዱ በላይ እየደረበ፣ አንዴ ከግራ አንዴ ከቀኝ ግንባሩ ላይ እያገናኘ ይጠመጥመዋል። አንዱ እጥፋት ከተዛነፈ ሁሉንም ፈትቶ እንደገና ይጀምራል። በመጨረሻ በቀጭን ብረት ጠርዙን ያስተካክላል፣ ያፈተለከ ፀጉር ካለም ወደ ውስጥ ያስገባል። ይህን የሚያደርገው ለበዓል ሳይሆን በየቀኑ ነው፤ ፈተናም ይኑር ሥራም ይርፈድ አይቀርም። ያንን በዓይኑ ያየ ሰው «አውልቅ» የምትለዋ ቃል ምን ያህል እንደምትከብድ ይገባዋል።

እኔ በለንደን አውቶቡስ መንዳት ከጀመርኩ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። በጋራዣችን ጥምጣም ያሰረ ሾፌር ማየት ብርቅ አይደለም፤ ነገር ግን በዋዛ የተገኘ መብት እንዳልሆነ የነገሩኝ አንጋፋዎቹ የሥራ ባልደረቦቼ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1967 በዎልቨርሃምፕተን ከተማ ታርሴም ሲንግ ሳንዱ የተባለ የአውቶቡስ ሾፌር ከሕመም ፈቃድ ሲመለስ ፂሙን አሳድጎ፣ ጥምጣሙን አስሮ ሥራ ቢገባ፣ የደንብ ልብሱን አላከበርክም ተብሎ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ክርክሩ ሁለት ዓመት ያህል ቆየ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሲኮች አደባባይ ወጡ፤ ሶሃን ሲንግ ጆሊ የተባለ ሌላ ሲክ ክልከላው ካልተነሣ ራሴን በእሳት አቃጥላለሁ እስከ ማለት ደረሰ። ክልከላው የተነሣው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1969 ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ጥምጣም ያሰረ ሲክ ሞተር ብስክሌት ሲነዳ የራስ ቁር እንዳይገደድ የሚፈቅድ ሕግ ወጣ። በጥምጣሙ ምክንያት ትምህርት ቤት አልቀበልህም ያለው ልጅ ጉዳይ ደግሞ በዚያን ጊዜ የአገሪቱ የመጨረሻ ፍርድ ሰጪ እስከነበረው እስከ ጌቶች ምክር ቤት ደርሶ፣ እ.ኤ.አ. በ1983 ሲኮች በዘር አድልዎ ሕግ ጥበቃ የሚደረግላቸው ማኅበረሰብ ናቸው ተብሎ ተፈረደ። ማንድላ በሚል ስም የሚታወቀውን ይህን ፍርድ የሌሎች ማኅበረሰቦች ጠበቆችም እየጠቀሱ ተከራክረውበታል። ለዛሬዎቹ ወጣቶች ይህን ሁሉ ያደረጉላቸው አያቶቻቸው ናቸው፤ በየሄዱበት ግን አሁንም እንደ አዲስ ማስረዳት ይጠበቅባቸዋል።

ሕጉ ጎዳና ላይ አብሮ አይሄድም። እ.ኤ.አ. የመስከረም 2001 ጥቃት በአሜሪካ በደረሰ በአራተኛው ቀን፣ በአሪዞና ሜሳ ከተማ ባልቢር ሲንግ ሶዲ የተባለው ሲክ በገዛ ነዳጅ ማደያው ደጅ ላይ በጥይት ተገደለ፤ ገዳዩ ጥምጣሙን አይቶ ከአጥቂዎቹ ወገን መስሎት ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2012 በዊስኮንሲን ኦክ ክሪክ ጉርድዋራ ውስጥ ለጸሎት ከተሰበሰቡት ስድስት ሰዎች ተገደሉ። በአሜሪካ በነዳጅ ማደያ ቆመው የሚያመሹ ወገኖቻችን የዚህን ክብደት ከእኔ በላይ ያውቁታል።

የዚያ የልጄ ጓደኛ ታናሽ ወንድም አሥራ ሦስት ዓመት ሲሆነው፣ ከትምህርት ቤት ሲመለስ አውቶቡስ ፎቅ ላይ ልጆች የራስ ጨርቁን ጎትተው አወለቁት፤ አንደኛው በስልክ ይቀርጽ ነበር። ፀጉሩ በሰው ፊት ተዘርግፎ፣ ጨርቁ ከእጅ ወደ እጅ ሲወረወር ሦስት ፌርማታ አለፈ። በሳምንቱ ፀጉር ቤት ገብቶ ተቆረጠው። እናቱ ጉንጉኑን በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ሳጥን ውስጥ አኑራዋለች። ታላቅየው ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ፣ «ፀጉሩ ይበቅላል፤ እርሱን ከራቅነው ግን ወዴት ይሄዳል?» አለኝ። በብሪታንያ ፀጉራቸውን የተቆረጡ የሲክ ወጣቶች ብዙ ናቸው፤ ከእነርሱም መካከል እሑድ እሑድ ጉርድዋራ የማይቀሩ፣ ጸሎቱን በቃላቸው የሚያውቁ አሉ። ስለዚህ ሲክነትን በጥምጣም ብቻ መለካትም ሌላ ስሕተት ነው። በየቤቱ ግን ይህ ጉዳይ የእናት እንባና የአባት ዝምታ ያለበት ነው።

ወጣቶቹ በእኔ ፊት ከሚነጋገሩባቸው ነገሮች ልቤን ይበልጥ የነካው የቋንቋው ጉዳይ ነው። ቅዱስ መጽሐፋቸው ጉሩ ግራንት ሳሂብ 1,430 ገጽ አለው፤ በጉሩ አርጃን እ.ኤ.አ. በ1604 ተሰባስቦ፣ ከ1708 ጀምሮ ራሱ እንደ ሕያው ጉሩ ይከበራል። የካቢርንና የፋሪድን የመሳሰሉ፣ ሲክ ያልነበሩ ቅዱሳን ሰዎች መዝሙሮችም በውስጡ አሉ። ግን የተጻፈው በጉርሙኪ ፊደልና በቆየ ቋንቋ በመሆኑ፣ ለንደን የተወለደ ልጅ ይቅርና ፑንጃቢ አሳምሮ የሚናገር ሰው እንኳ ሁሉን አይረዳውም። ልጁ ፊደሉን በቅዳሜ ትምህርት ቤት ስለተማረ ያነበዋል። «አነበዋለሁ፣ ይጣፍጠኛል፣ ግን ምን እያልኩ እንደሆነ ግማሹን አላውቅም» ያለኝን ስሰማ፣ ግዕዙን ሲያዜም የሚያምረው ነገር ግን «አባዬ፣ ምን ማለት ነው?» ሲለኝ የነበረው የገዛ ልጄ ድምፅ መሰለኝ። ሲኮቹ ወጣቶች ግን ጠይቀው አልተቀመጡም። በብዙ ጉርድዋራዎች መዝሙሩ ሲዜም ትርጉሙ በእንግሊዝኛ በግድግዳው ላይ በስክሪን እንዲታይ ሆኗል። በክረምት የወጣቶች ካምፕ እያዘጋጁ በእንግሊዝኛ ይማማራሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 ያረፈው ጃግራጅ ሲንግ «ቤሲክስ ኦፍ ሲኪ» በሚል ስም የጀመረው ትምህርት በኢንተርኔት ብዙ ወጣት መልሷል። አንዳንድ አዛውንቶች እንግሊዝኛው የቅዱሱን ቃል ጣዕም ያጠፋዋል ብለው ይሰጋሉ። ስጋታቸው ይገባኛል፤ ነገር ግን ያልገባውን ልጅ ጣዕም ብቻ አስሮ አያቆየውም የሚሉት ወጣቶች እውነት አላቸው ባይ ነኝ።

ታላቅ እህቱ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አላት። ጉሩዎቹ የዘር ደረጃን ነቅፈው፣ ሁሉንም በአንድ መሬት አስቀምጠው፣ አንድ ዓይነት ስም ሰጥተው ሳለ፣ በብሪታንያ ዛሬም በዘር ስም የሚጠሩ ጉርድዋራዎች ለምን ይኖራሉ? ትዳር ሲመጣ የወገን ጥያቄ ለምን ይነሣል? ሴት እኩል ናት ተብሎ ከተሰበከ፣ ከሁሉ በላይ በሚያከብሩት በአምሪትሳሩ ወርቃማ ቤተ መቅደስ ሴቶች መዝሙር እንዲያዜሙ ለዓመታት ሲጠየቅ ለምን አልተፈቀደም? የኮሚቴ ወንበር ለምን በሽማግሌዎች ብቻ ይያዛል? ይህች ልጅ እምነቷን ጥላ አይደለም የምትጠይቀው፤ እሑድ ጠዋት ሃርሞኒየም እየመታች የምታዜመው እርሷ ናት። እ.ኤ.አ. የ1984ቱ ሐዘንም አለባቸው። በዚያ ዓመት ሰኔ ወር የህንድ ጦር ወደ ወርቃማው ቤተ መቅደስ ሲገባ፣ በጥቅምት መጨረሻ ጠቅላይ ሚኒስትሯ ኢንዲራ ጋንዲ በሲክ ጠባቂዎቿ ከተገደለች በኋላም በደልሂ በሺዎች የሚቆጠሩ ሲኮች ሲታረዱ እነዚህ ልጆች አልተወለዱም። ቢሆንም የቀይ ሽብር ሐዘን በእኛ ቤት እንደሚወረሰው ሁሉ፣ እነርሱም ያንን ሐዘን በፎቶግራፍና በዝምታ ወርሰውታል።

እ.ኤ.አ. በ2020 ጸደይ ወረርሽኙ ለንደንን ሲያናውጥ፣ የሥራ ባልደረቦቻችንን ስንቀብር፣ ቤተሰቤን እንዳልበክል ፈርቼ ምሳዬን መኪናዬ ውስጥ እበላ ነበር። አንድ ቀን ጥምጣም ያሰሩ ሁለት ወጣቶችና አንዲት ልጅ ትኩስ ሩዝና ዳል የሚባለውን የምስር ወጥ በየሳጥኑ አሽገው ወደ ጋራዣችን መጡ። ማን እንደላካቸው ስንጠይቅ «ላንጋር ነው» ብቻ አሉ። ላንጋር በየጉርድዋራው ያለ የነፃ ማዕድ ነው፤ ሃይማኖቱን ወይም ገንዘቡን ሳይጠየቅ የመጣ ሁሉ ወለል ላይ በረድፍ ተቀምጦ እኩል ይበላል። የህንዱ ንጉሠ ነገሥት አክባር እንኳ ሦስተኛውን ጉሩ፣ ጉሩ አማር ዳስን ከማግኘቱ በፊት ከሕዝቡ ጋር መሬት ተቀምጦ እንዲበላ ተደርጓል ብለው ይተርካሉ። ሥጋ አይቀርብበትም። (ዳሉ አብዛኛውን ጊዜ በቅቤ ስለሚሠራ፣ ጾም ላይ ያለ ወገን ቀድሞ ቢጠይቅ ጥሩ ነው፤ ሳያፍሩ ይነግሩታል።) በሳውዝሆል ሃቭሎክ መንገድ ያለው ትልቁ ጉርድዋራ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 የተከፈተው፣ ሥራ ፈትቶ የመጣ አዲስ የአገራችን ሰው ሁሉ ምሳውን የበላበት ቤት ነው። እኔም በልቻለሁ። ድንች የሚልጡት፣ ሳህን የሚያጥቡት፣ የሚያስተናግዱት በአብዛኛው ወጣቶች ናቸው፤ ሴቫ ይሉታል፣ ያለ ዋጋ ማገልገል ማለት ነው።

ከእኛም ጋር ያላቸው ትውውቅ የትናንት አይደለም። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ሥር ከዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ጋር የተዋጋው የእንግሊዙ ጄኔራል የናፒየር ጦር ውስጥ 23ኛው የፑንጃብ ፓዮኒርስ የሚባል የሲኮች ሻለቃ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1941 ፋሺስት ጣሊያንን ከከረን ያስለቀቁት የህንድ ክፍለ ጦሮችም ሲክ ወታደሮች ነበሯቸው። አንዴ በጠላትነት፣ አንዴ በወዳጅነት መጥተዋል። እኔ ደሴ ስማር ሂሳብ ያስተማሩን መምህር ጥምጣም ያስሩ ነበር። እኛ ተማሪዎቹ «ቄሱ» እንላቸው ነበር፤ የትኛው እምነት ተከታይ እንደሆኑ አንድ ቀን እንኳ ጠይቀናቸው አናውቅም።

እ.ኤ.አ. በ2021 በተደረገው ቆጠራ በእንግሊዝና ዌልስ 524,000 ያህል ሲኮች ተመዝግበዋል፤ ከመቶ ሰው አንድ አይሞሉም። በምዕራብ ለንደን ግን ጎረቤቶቻችን፣ የልጆቻችን የክፍል ጓደኞች፣ መድኃኒት የሚሸጡልን፣ አብረውን የሚነዱ ናቸው። ስለዚህ ሁለት ነገር እለምናለሁ። አንደኛው ለጋዜጣችሁ ነው፤ የፎቶግራፉን መግለጫ አርሙልን፣ ከተቻለም አንድ የሲክ ወጣት ራሱ ስለ ራሱ እንዲናገር በገጻችሁ ቦታ ስጡ። ሁለተኛው ለአብያተ ክርስቲያናችን ሰበካ ጉባኤዎችና ለማኅበሮቻችን ነው። ሥርዓታችን ይለወጥ አላልኩም፤ ያን ለመወሰን እኔ ማን ነኝ? ነገር ግን ጥምጣም ያሰረ እንግዳ ደጃችን ሲደርስ፣ ወደ ውስጥ መግባት ባይችል እንኳ፣ ከአዳራሹ ወንበር ተሰጥቶት፣ ሥርዓቱን በስክሪን እንዲከታተል ተደርጎ፣ «ይህ ማተብህ እንደሆነ እናውቃለን» የሚል ሰው በሩ ላይ ሊኖር ይችላል። ይህን ለማድረግ ቀኖና መንካት አያስፈልግም።

ነገሩ ከሆነ በኋላ ወደ አዛውንቱ ቤት ሄጄ ነበር። ጥምጣሙ ምን እንደሆነ ነገርኳቸው፤ ረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዳመጡኝ፣ ከዚያም «በዝናብ ነው የቆመው?» ሲሉ ጠየቁኝ። የልጁ እናት በመጪው እሑድ ቤተሰባችንን ወደ ጉርድዋራ ጠርታናለች። አዛውንቱም እንዲመጡ ልጁ ራሱ በስም ጠይቆ ልኮባቸዋል። እርሳቸውም እሺ ብለዋል። ትናንት ማታ ደውለው ራሳቸውን በምን ሸፍነው እንደሚገቡ ሲጠይቁኝ፣ ነጠላዎ ይበቃል አልኳቸው።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ
ሳውዝሆል፣ ለንደን